አስሩ ረጃጅም ቡሎኖች

ረኔ ሌድቤተር እነዚያን አስር ቡሎኖች ለመምረጥ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። ለአስር ቡሎን ሦስት ሳምንት ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ። ሁለት ሁለት መኪና በቀጥታ መስመር በሚሽቀዳደምበት በኖላን ስፕሪንግስ የመኪና ውድድር ሜዳ ግን በዚህ የሚስቅ አይገኝም፤ ከተገኘም የገዛ ጎማው ተነቅሎ ከፊቱ ቀድሞት ሲንከባለል ገና ያላየ ጀማሪ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በየካቲት ነው። አባቷ ሆይት ኖክስቪል አጠገብ በሚቆመው የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ የቆረጠው ሎተሪ ወጣለትና ሁለት አዲስ የውድድር ቸርኬ ይዞ ቤት ገባ። ሆይት በዕድሜው ሙሉ አንድም ነገር በዕጣ ደርሶት አያውቅም፤ ስለዚህ ቸርኬዎቹን እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነበር ያመጣቸው። የታሰቡት ጋራዡ መሃል ለምትቆመው የሰባ አንድ ሞዴል የውድድር መኪናቸው ለኖቫዋ ነው፣ ለኋላ እግሯ። ችግሩ የአዲሶቹ ቸርኬዎች መሃል ወፍራም መሆኑ ነው። ጎማው የሚታሰርበት አክስል ላይ የነበሩት አሮጌ ቡሎኖች ያንን ውፍረት አልፈው ሲወጡ፣ ለዳዶው የሚተርፋቸው ጥርስ አራት ዙር እንኳ አይሞላም።

ሆይት አየት አደረገና “ይበቃል” አለ። ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው ነው፤ እሱ ይበቃል ካለ በዚያ ቤት ይበቃል ማለት ነው። ረኔን ግን አልበቃትም። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አስራ ሁለቱን ዓመት በማሽን ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ቶርኖ ላይ ቆማ ብረት ስትቀርጽ አሳልፋለች። የቡሎን ነገር ለማንም ሰው ማስረዳት ትችላለች፤ አባቷ ፊት ሲሆን ብቻ ነው ምላሷ የሚተሳሰረው። ግማሽ ኢንች የሚወፍር ቡሎን ቢያንስ ግማሽ ኢንች ጥርሱ ዳዶው ውስጥ መግባት አለበት። አለዚያ መኪናዋ አረንጓዴው መብራት ሲበራ ከቆመችበት ተወርውራ ስትነሳ ያ ሁሉ ጉልበት አራት ዙር ጥርስ ላይ ያርፍና ጥርሱ ተልጦ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ቅርብ ነው።

እሺ፣ ረጅም ቡሎን ይገዛ። ረጅሙም ቢሆን ዓይነቱ ለጉድ ነው። ቡሎን አክስሉ ቀዳዳ ውስጥ የሚጣበቀው አንገቱ ላይ ባለው ሸካራ ጥርስ ነው፤ ያ አንገት በፀጉር ያህል ከቀጠነ ዳዶው ሲጠብቅ ቡሎኑም አብሮ ይዞራል፣ በፀጉር ያህል ከወፈረ ደግሞ ሲገባ ብረቱን ይሰነጥቃል። ረኔ ከአክስሉ አንድ አሮጌ ቡሎን መትታ አወጣችና ፋብሪካ ወስዳ ለካችው። በመጀመሪያ ያዘዘችውን ደርዘን አንገቱ ወፈረባትና መለሰችው። ሁለተኛውን አንገቱን ወደደችው፣ ቁመቱ አነሰባት፤ እሱንም መለሰችው። የዕቃ መደብሩ ሻጭ፣ ዳርሰል የሚባል ነገረኛ ሰው፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ባል ስትመርጪ እንዲህ ለክተሽ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ አብራችሁ ትኖሩ ነበር አላት። የሱ ደግሞ አንገቱ ቀጥኖ ነበር፣ ከያዘችው ሁሉ ጋር ነው የሚዞረው አለችና መደብሩን በሳቅ ገደለችው። በመጨረሻ ሦስት ኢንች የሆነውን መረጠች። ዳዶው ጠብቆ ሲያበቃ የቡሎኑ ጫፍ በዳዶው አፍ በኩል የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ብቅ ይላል። እሱን ነበር የፈለገችው። ጫፉ ከታየ ጥርሱ መያዙን ማንም ጎንበስ ብሎ ያየዋል፤ ለዚህም ነው በውድድር ሜዳ ዳዶ ሁሉ አፉ ክፍት እንዲሆን ሕግ የወጣው።

ቡሎኖቹን እያስገባች ሳለ ሆይት ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ያያት ነበር። እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ዳሌው መታመም ከጀመረ ወዲህ አልጎነበሰም፤ ከመኪናዋ ስር የምትገባው እሷ ነች።

“በአሮጌዎቹ ብታስገቢው ይኼኔ አልቆ ነበር” አለ።

“በአሮጌዎቹ ብናስገባው ፈታሹ ሚስተር ቨርጂል ከበር ነው የሚመልሱን፣ አባዬ።”

ሆይት ወደ ቸርኬው አየ። ምን እንደነካው እግዜር ይወቅ፤ ቸርኬው ስላማረለት ይሆናል።

“የጥቅምቷን የመጨረሻ ቅዳሜ ቨርጂል በመጀመሪያ እይታ ካሳለፈልሽ፣ አንቺ ትነጃታለሽ” አላት።

ረኔ መዶሻውን እንደያዘች ቀረች። አንድ ነገር ብትናገር መልሶ የሚወስድባት መሰላትና ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ያንን ወንበር ከአስራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ስትመኘው ኖራለች። ታናሽ ወንድሟ ብራንት አስራ ስድስት ሲሞላው መሪው ላይ ተቀመጠ፤ እሷ አስራ ስድስት ሲሞላት መፍቻ ነው የተሰጣት። አንድ ጊዜ፣ ሃያ አምስት ዓመቷ ላይ፣ አፍ አውጥታ ጠይቃው ነበር። ሴት ስለሆነች አይደለም ብሎ ማለላት፤ እውነቱን ነው፣ በዚያ ሜዳ ሴት ነጂ ሞልቷል። አንቺ ከተቀመጥሽበት ማን ይሠራታል ነበር ያላት። ሙገሳ መስሎት ነው የተናገረው። እሷም ለጥቂት ቀን ሙገሳ መስሏት ነበር፣ ኋላ ነው ያንገበገባት።

ያ ክረምት ጥሩ ክረምት ነበር። ብራንት በየሳምንቱ ነዳ፣ አንዳንዴ አሸነፈ፣ ሲበዛ ተሸነፈ፤ ረኔ በየሳምንቱ ጎማ አጠበቀች። ብራንትን ክፉ ነው ማለት አይቻልም። ጨዋታ አዋቂ፣ ለእህቱ የሚሳሳ ልጅ ነው፤ ብቻ ጥፍሩ ስር ግራሶ ገብቶ አያውቅም። መስከረም ላይ ሆይት ዳሌው በቃኝ አለውና ኖቫዋን ለአንድ የጆርጂያ ሰው ሸጣት። ሰውየው የጥቅምቱ ውድድር ካለፈ በኋላ ሰኞ መጥቶ ሊወስዳት ተስማሙ። ለረኔ ሌላ ዓመት የሚባል ነገር አልቀረላትም። ግን ቅዳሜዋ ነበረቻት። አንዲት ቅዳሜ። እሷን ይዛ አርባ ቀን ያህል ጠበቀች።

ቅዳሜዋም ደረሰች። ብርዱ ፊት ይቆነጥጣል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ለሞተር ከዚህ የተሻለ አየር የለም። ረኔ ሄልሜቷን በፎጣ ጠቅልላ ፒክአፗ ወንበር ላይ አስቀምጣ ነው የመጣችው። የውድድር ፈቃድም አላት፤ ከሁለት ዓመት በፊት በሜዳው የታወቁት የስልሳ ስምንት ዓመት ነጂ ሚስ ኦፓል በራሳቸው መኪና አለማምደው፣ ሌላ ሜዳ ወስደው አስፈትነዋታል። ሆይት ይህን አያውቅም። ደስ ብሎት እንዲደነግጥ ብላ ነበር የደበቀችው፤ አይ ሞኝነት።

ፈታሹ ሚስተር ቨርጂል ታከት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ለወቅቱ መዝጊያ ውድድር መኪናውን ሁሉ እንደ አዲስ ይፈትሻሉ። የገዛ አማቻቸውን በላላ ቀበቶ ምክንያት ከበር የመለሱ ሰው ናቸው፤ በሳቸው ዘንድ ዘመድ የለም። በጉልበታቸው ተንበርክከው አስሩንም ቡሎን በባትሪ አንድ በአንድ አዩ። ከኪሳቸው ትንሽ የብረት ማስመሪያ አውጥተው የአንዱን ጫፍ ለኩ። ሌላው ሰው ሁለት ደቂቃ በማይፈጅበት ቦታ ሩብ ሰዓት ቆዩ።

“የማን እጅ ነው ይሄ?” አሉ ሲነሱ።

ሆይት ቀደማት። “የቤታችን ነው” አለ።

ሚስተር ቨርጂል ወደ ረኔ እጆች አዩ። ከዚያ ወደ ሆይት ዞረው የቤታችሁ እጅ ጥሩ ነው አሉና ወረቀቱ ላይ ፈረሙ። በመጀመሪያ እይታ። በኖላን ስፕሪንግስ እሳቸው የፈረሙለትን መኪና እስከ ማታ ደግሞ ጎንበስ ብሎ የሚያይ የለም፤ ማየት እንደ ስድብ ነው የሚቆጠረው። ረኔ መኪናዋን ወደ ማረፊያቸው መልሳ፣ ዳዶዎቹን ልክ ሲደርስ ቀጭ በሚለው መፍቻ ለመጨረሻ ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ መኪናዋ ሜዳውን የምትጨርስበት ሰዓት መስተዋቷ ላይ በሚጻፍበት ነጭ የጫማ ቀለም ከያንዳንዱ ዳዶ ወደ ቸርኬው ቀጭን መስመር አሰመረች። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ተነክቷል ማለት ነው።

እኩለ ቀን ላይ ነው ሆይት የነገራት። ተጎታቹ ጎማ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ሜዳው ላይ ተክሎ፣ ዛሬም ብራንት ይነዳል አላት። የከተማው ዕቃ መደብር ለሚቀጥለው ዓመት በስሙ የሚነዳለት ነጂ ይፈልጋል፣ ፎቶ አንሺ ልከዋል፣ ልጁን መሪው ላይ ማየት አለባቸው። ብራንት ገና ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ይህ ዕድሉ ነው። አንቺ እንግዲህ በዚህ ዕድሜሽ የት ልትደርሺ ነው አለ፣ ያውም ክፋት በሌለው ድምፅ።

“ቃል ገብተህልኝ ነበር” አለች ረኔ።

“ብዬ ነበር” አለ። ቀጥሎ የተናገረው ራበኝ፣ ሂጂና የሚበላ ነገር አምጪልን የሚል ነበር።

ሄደች እኮ። ይህ ነው የሚያበሽቀው። ቅስሟ ተሰብሮ ሦስት የተጠበሰ ቦሎኛ ቋሊማ ሳንዱች ለመግዛት ተሰለፈች። ሚስ ኦፓል ከኋላዋ ነበሩ፤ ፊቷን አይተው ምንም ሳይጠይቁ ገባቸው። ሄልሜትሽ የት ነው አሏት። ፒክአፑ ውስጥ ነው አለች። እዚያው ይሁን፣ ቀኑ ገና ነው አሉና የሳንዱቹን ዋጋ ከፈሉላት።

ሳንዱቹን ይዛ ስትመለስ ነው ድምፁን የሰማችው። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። የራሷ መፍቻ ድምፅ ነው፤ ብራንት የኋላ ጎማው ስር ተቀምጦ ያጠብቃል። ፎቶ አንሺው ሥራውን ጨርሶ ካሜራውን ወደ ቦርሳው እየከተተ ነበር። ረኔ እርምጃዋን አቆመች። ዳዶ በትክክል ሲጠብቅ ቀጭ ከማለቱ በፊት ክንድ ይሳባል፣ ትንፋሽ ይያዛል፣ መፍቻው ቀስ ብሎ ሩብ ዙር ይሄዳል። ይኼ ግን ገና መፍቻው ከመነካቱ ነው የሚጮኸው፤ ብራንት ሳያምጥ፣ አንዱን በአንዱ ላይ፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

ቀረብ ስትል ነጭ መስመሮቿ የሉም። ክፍቶቹ ዳዶዎች ባዶ የኦቾሎኒ ቆርቆሮ ውስጥ ተጥለዋል። በቦታቸው ቆብ ያላቸው፣ አፋቸው ድፍን የሆነ፣ መስታወት የመሰሉ ዳዶዎች ገብተዋል። ፎቶ አንሺው የቡሎኖቹ ጫፍ ብቅ ብቅ ማለት ለፎቶ አያምርም ብሎ ኖሯል፤ ብራንትም ከአሮጌ መለዋወጫ ሳጥን አስር ድፍን ዳዶ አግኝቶ ለወጣቸው። ሳንዱቹ ከእጇ ወደቀ።

ነገሩ ሕፃን እንኳ የሚገባው ነው። ረጅም ቡሎን ድፍን ዳዶ ውስጥ ሲገባ ዳዶው ቸርኬውን ሳይነካ የቡሎኑ ጫፍ ከቆቡ ጣሪያ ጋር ይጋጫል። እዚያ ላይ ዳዶው ይቆማል። መፍቻው ግን ምን ላይ እንደቆመ አያውቅም፤ ጠንካራ ነገር ካገኘ ቀጭ ይላል። ዳዶው ቸርኬው ውስጥ ባለ ጉድጓድ ስለሚገባ ክፍተቱ ከውጭ አይታይም፣ መኪናዋም መሬት ላይ ስትቆም ክብደቷ ጎማውን አስጨንቆ ይይዘዋል። በመነሻው መስመር ላይ ስትወረወር ግን አስሩም ቡሎን እየተወዘወዘ ይቆረጣል።

ለብራንት ነገረችው። ብራንት መፍቻውን እያሳያት አስሩም ቀጭ ብለዋል እኮ አለ፤ እያሾፈ አይደለም፣ ያሳዝናል እንጂ ያመነበትን ነው። ወደ አባቷ ዞረች። መኪናዋን በክሪክ እናንሳት፣ ጎማውን በእጅህ ነቅንቀው ብላ ለመነችው። የነጂዎቹ ተራ እየተጠራ ነው፣ ጊዜ የለም አላት። መፍቻው ሲጮኽ እሱም ሰምቷል። በዚያ ላይ ቨርጂል ፈርሟል።

“ሚስተር ቨርጂል የፈረሙት እኔ ለሠራሁት ነው።”

“ረኔ” አለ ሆይት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ወንበሩን ስለከለከልኩሽ ነው። ከቅናትሽ የተነሣ የወንድምሽን ቀን ልታበላሺ ነው። እኔ ልጄን አውቃለሁ።”

ደሟ ፈላ። ወንበሩን ስለከለከላት አዎ አንጀቷ አርሯል፣ አዎ ቀንታለች፤ አልካደችም፣ ለራሷም ቢሆን አልካደችም። ለአንድ ቅጽበት፣ ለአንዲት ቅጽበት ብቻ፣ እንግዲያው ይንዳት የሚል ሐሳብ መጣባት። ይህን ሐሳብ ለማንም ተናግራው አታውቅም። ብራንት ሄልሜቱን አጥልቆ በመስኮቱ በኩል አውራ ጣቱን ሲያሳያት ነው የባነነችው።

በዚያ ሜዳ የማያውቁትን ሰው እንኳ ለፈታሽ መጠቆም ነውር ነው። የገዛ አባትን መኪና መጠቆም ደግሞ ስም ያልወጣለት ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሰው ጋር አብሮ መቆም የለም። ረኔ ሮጣ ሄደች። ሚስተር ቨርጂል መነሻው አጠገብ በታጣፊ ወንበር ተቀምጠው ነበር። የኛን መኪና ያስቁሙ፣ ዳዶው ተለውጧል አለቻቸው። ሽማግሌው ምን ብለው አልጠየቁም፤ ባትሪያቸውን አንስተው ተከተሏት።

ኖቫዋ ተራዋን ይዛ በሰልፉ መሃል ቆማለች፣ ሞተሯ ይንገጫገጫል። ሚስተር ቨርጂል እጃቸውን አንስተው ሞተሩን አስጠፉ። ክሪክ አስመጡና የቀኙን የኋላ እግር ከመሬት አንድ ጣት ያህል አነሱት። ጎማውን ከላይና ከታች በሁለት እጃቸው ይዘው ነቀነቁት።

ቋ፣ ቋ አለ። ከጎን የተሰለፉት ሰዎች ሁሉ ሰሙት። ቸርኬው በሳንቲም ውፍረት ያህል ወዲያና ወዲህ ይሄድ ነበር። ብራንት በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ያያል፤ ፊቱ ከሄልሜቱ ስር ኖራ መሰለ።

ሆይት እያነከሰ ደረሰ። ጎማውን አየ። ረኔ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠበቀች። ይቅርታ አይደለም የጠበቀችው፣ እሱን እንኳ አላለመችም፤ ልክ ነበርሽ ቢላት፣ ወይ ዝም ብሎ ትከሻዋን ቢነካት በቂዋ ነበር።

“ያ ረጅም ቡሎንሽ ነው” አለ ሆይት። “አሮጌዎቹ ቢሆኑ ኖሮ ድፍኑም ዳዶ ይይዝ ነበር።”

ሚስተር ቨርጂል ቀና ብለው አዩት። ለብዙ ዓመት ሲተዋወቁ እንዲህ አይተውት አያውቁም። ከዚያ ወደ ረኔ ዞረው፣ ክፍቶቹን መልሰሽ ለማስገባት ስንት ደቂቃ ይበቃሻል አሏት። አስር አለች። ውድድሩን ከማማው ላይ ለሚመሩት በሬዲዮ ኖቫዋን በሰልፉ ጥቂት ወደ ኋላ አድርጓት ብለው አዘዙ።

ረኔ የኦቾሎኒውን ቆርቆሮ ይዛ ተንበረከከች። ድፍኖቹን ፈታች፣ እያንዳንዱን ቡሎን በጣቷ ዳሰሰች፣ ጥርሳቸው አልተነካም። ክፍቶቹን አስገባች። መፍቻውን ሳበች፣ ክንዷ ተገተረ፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ቀጭ። እንዲህ ነው ድምፁ። አስሩንም እንዲያ አጥብቃ መስመሯን እንደገና አሰመረች። ሚስተር ቨርጂል በባትሪያቸው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስምንት ደቂቃ ነው የፈጀባት።

ብራንት ግን ከመኪናዋ ወጥቶ ነበር። ጓንቱን በጥርሱ ስቦ አወለቀ። ሄዶ ከአንድ ተጎታች ጀርባ አስመለሰና አፉን እየጠረገ መጣ።

“አልገባም፣ አባዬ። ዛሬ አልችልም” አለ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞሮ አንድ ነገር ሊል ሞከረና ዓይኑ እንባ ሞላ። እሷም አቅፋ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፤ አሁን እንኳ አጽናኟ እሷ ነበረች።

ኖቫዋ ተራዋ ላይ ቆማለች። ነዳጇ ሙሉ ነው፣ ጎማዋ ጠብቋል፣ ሰዓቷ መስተዋቱ ላይ ተጽፏል። ወንበሩ ባዶ ነው። የድምፅ ማጉያው የመኪናዋን ቁጥር ጠራ። ሚስ ኦፓል ከመኪናቸው ወርደው፣ የረኔን ሄልሜት ከነፎጣው ታቅፈው መጡ፤ ከፒክአፑ ማን አምጡ እንዳላቸው አይታወቅም።

“ሆይት፣ ልጅህ ፈቃድ አላት” አሉ። “በኔ መኪና ነው ያወጣችው፣ ካንተ የጠየቀችው ይቺን አንዲት ቀን ብቻ ነው። ሰኞ መኪናህ ትሄዳለች። ዛሬ ትንዳት።”

ሆይት ሄልሜቱን አየ። ከዚያ ልጁን አየ፣ ረጅም ጊዜ አየ፤ ረኔን በዕድሜዋ አባቷ እንዲህ ትክ ብሎ አይቷት አያውቅም። እጇን በሱሪዋ ጠረገች፣ ሄልሜቱን ለመቀበል። ብራንት አባዬ አለ፣ በለሆሳስ። ሚስተር ቨርጂል ሰዓታቸውን አዩ። የድምፅ ማጉያው ቁጥሩን ለሁለተኛ ጊዜ ጠራ። ሦስተኛ ጥሪ የለም።

በዙሪያቸው የቆሙትን ሰዎች ሆይት አንድ በአንድ ተመለከተ። ሁሉም ይጠብቁት ነበር። ሁሉም በእሷ ወገን ነበሩ፤ ይህ ነገሩን ሳያብሰው አልቀረም።

“ተጎታቹ ላይ ጫኗት” አለና ፊቱን አዞረ።

ሚስ ኦፓል አፋቸውን ከፈቱ፣ ሚስተር ቨርጂል ክንዳቸውን ያዝ አደረጓቸው፤ የሰው ቤት ጉዳይ ነው። ሰልፉ ተንቀሳቅሶ ኖቫዋን አልፏት ሄደ። ረኔ ወደ መሪው ገብታ ተቀመጠች፤ ወደ ተጎታቹ ለመንዳት ያህል እንድትቀመጥ ማንም ከልክሏት አያውቅም። ሞተሩን አስነሳች። ወንበሩ ውስጥ የብራንት ጠረን አለ። በሰው መሃል በእግር እርምጃ ፍጥነት ነዳቻት፣ ከኋላዋ አረንጓዴው በርቶ ሁለት ሌሎች መኪናዎች ተወርውረው ሲሄዱ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አላለቀሰችም። ልታለቅስ ፈልጋ ነበር፣ አልመጣላትም።

ተጎታቹ ላይ አወጣቻት። አራቱን ማሰሪያ ያሰረችውም እሷ ነች። ብራንት ላግዝሽ ቢላት ተወው አለችው፤ ማሰሪያ ማጠላለፍ አያውቅም፣ በመንገድ ላይ ላልቶ መኪናዋ ሰው ላይ ብትወጣስ። የፊቱን ሁለት፣ የኋላውን ሁለት፣ በሰያፍ አድርጋ ሳበች። የኋላዎቹን ስትስብ ጉንጯ ከቸርኬው ጋር ተቀራረበና ነጮቹን መስመሮች አየቻቸው። አንዱም አልተሰበረም። የጆርጂያው ሰው ሰኞ ሲያያቸው ምን እንደሆኑ ይገባው ይሆን ብላ አሰበች፤ ለምን እንደዚያ እንዳሰበች አላወቀችም።

ሆይት በተጎታቹ ዳር አለፈ። ቀና ብሎ አላያትም። እጁን ተጎታቹን በሚጎትተው መኪና በር ላይ አድርጎ ቆመ።

“ጠብቋል?” አለ።

“ጠብቋል፣ አባዬ።”

ሆይት ዞሮ አላየም፣ ማሰሪያውንም በእጁ አልነካም። እሷ ጠብቋል ካለች በዚያ ቤት ጠብቋል ማለት ነው። ገብቶ ሞተሩን አስነሳ።